ለእንግዳ የተቀመጠው መለኪያ

እንኳየሁ ከወንበሩ ለስንተኛ ጊዜ እንደተነሣች እሷም አታውቀውም። ቁጭ ትላለች፣ ትነሣለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ተመልሳ የልጇን ግንባር ትዳስሳለች። ልጇ ፀደይ ጎህ ሲቀድ እዚሁ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ፣ እልል ተብሎላት፣ ሰዉም ወደየጉዳዩ ሄዷል። ሕፃኗ እናቷ ጎን ተጠቅልላ ተኝታለች። ረፋዱ ላይ ግን ፀደይ ዐይኗን ጨፍና፦

«እማ፣ ራሴን» አለች።

«ምኑ ላይ ነው?»

«እዚህ፣ ግንባሬን። ዐይኔም ይብለጨለጭብኛል።»

እንኳየሁ ይህን ቃል ታውቀዋለች። እህቷ የትነበርሽ የዛሬ ሃያ ዓመት እቤቷ ወልዳ፣ በማግስቱ ይህንኑ ብላ ነበር። ሰዉ ምች ነው እያለ ዳማከሴ አሽቶ ሲቀባት፣ ሲያስሸትታት፣ ማታውን ተንፈራግጣ አለቀች። ይህ የጭልፊት አምባ ጤና ጣቢያ ሲሠራ እንኳየሁ ድንጋይ በጀርባዋ ያመላለሰችው በእሷ የተነሣ ነው። ማንም አላስገደዳትም።

አዋላጇ ሲስተር ወንጌላዊት በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ትላለች። በክንዷ ወረቀት ታቅፋለች፣ በጥርሷ ፕላስተር ይዛለች፤ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ከጎንደር ገምጋሚዎች የሚመጡበት ቀን ነው። ወለሉ በበረኪና ታጥቦ ዐይን ያቃጥላል።

«ሲስተር፣ ልጄን እያት። ራሷን አሟታል።»

«አይቻታለሁ እማ። ይኸው ተጽፏል፤ የደም ግፊቷ ሸጋ ነው» አለችና የአልጋውን ግርጌ ወረቀት አሳየቻት።

እንኳየሁ ከሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የላትም። ፊደሉ ያስቸግራታል። ቁጥር ግን አይሸሻትም፤ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቅቤ ስትመዝን ነው ያረጀችው። ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደችው። መቶ አሥር በሰባ። መቶ አሥር በሰባ። ስምንት ጊዜ፣ አንድም ሳይዛነፍ።

«ሲስተር፣ ቅቤ እንኳ ሁለቴ ሲመዘን ሁለት ዓይነት ይላል። ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት?»

«እማ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ከነጋ ከአጠገቧ አልራቅሁም። ክንዷን ያሰረ ሰው አላየሁም።»

ወንጌላዊት ፕላስተሩን ከጥርሷ አወጣች። ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሮጌው የግፊት መለኪያ ከፋሲካ ወዲህ አየር ያስወጣል፣ አይሠራም። አዲስ መጥቷል፤ ኃላፊው አቶ ህሩይ ቆልፈውበታል። ገምጋሚዎቹ ከነላስቲኩ እንዲያዩት ነው።»

«ታዲያ ወረቀቱን ምነው ሞላሽው?»

«ባዶ ከተገኘ ነጥብ ይቆረጥብናል።»

ስድቡ ከእንኳየሁ ከንፈር ደርሶ ተመለሰ። እቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ስድስት ብርጭቆ አላት፣ ለእንግዳ የተቀመጠ። ባሏ በጣሳ እየጠጣ ነው የሞተ። ሰውን በምን አፏ ትሳደብ?

«ልጄን ጠብቂልኝ» ብላ ወጣች።

ግቢው ውስጥ፣ ከጽዱ ሥር፣ ሰዉ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ገምጋሚዎቹ ደርሰዋል። አለቃቸው ቃልኪዳን የምትባል ሹራብ የደረበች ሴት ናት። ፊት ለፊቷ ሦስት ጣሳ አስቀምጣ፣ ለየሰዉ አንዳንድ ፍሬ ባቄላ አድላለች። አገልግሎቱ ሸጋ ነው ያለ በቀኙ ጣሳ፣ ደህና ነው ያለ በመካከለኛው፣ ደካማ ነው ያለ በግራው ይጥላል። ባቄላው ሁሉ ቀኙ ጣሳ ውስጥ ቷ፣ ቷ ይላል።

እንኳየሁ በሰዉ ጀርባ ዞራ አቶ ህሩይ ጆሮ አጠገብ ደረሰች።

«የመለኪያውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«እንግዶቹ ይሂዱ እንጂ። ከሰዓት እከፍተዋለሁ» አለ፣ ፈገግታውን ከእንግዶቹ ሳያነሣ።

«የልጄ ራስ ከሰዓት ድረስ ቀጠሮ አልያዘም።»

«እንኳየሁ፣ አሁን አይደለም አልኩ።»

ጎረቤቷ አያ ዳኛው በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። «አንቺ፣ ባቄላሽን ጣይና ተቀመጪ። ነጥባችን ቀንሶ አምቡላንሱን ቢወስዱብንስ? በሰው ፊት አታሳጪን።»

«አያ ዳኛው፣ እርስዎ የትኛው ላይ ጣሉ?»

«ቀኙ ላይ ነዋ። እንግዳ ፊት ምን ይባላል?»

«ባለፈው ሳምንት መርፌ አጣሁ ብለው እስከ አምባ ጊዮርጊስ በእግርዎ የሄዱት ማን ኖሯል?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አያ ዳኛው ዱላቸውን አዩ። እንኳየሁም ጣሳዎቹን አልፋ ቃልኪዳን ፊት ቆመች።

«እመቤቴ፣ እኔ ባቄላ አልጥልም። ልጄ እዚያ ክፍል ተኝታለች፤ ራሷን አሟታል፣ ዐይኗ ይብለጨለጫል። ወረቀቷ ደህና ናት ይላል። መለኪያው ደግሞ ለእናንተ ሲባል ተቆልፎበታል። መጀመሪያ ልጄ ትለካ። ባቄላው አይሸሽም።»

አቶ ህሩይ «ወላድ ስትጨነቅ…» ብሎ ጀመረ፤ ቃልኪዳን ግን ተነሥታ ነበር።

«ቁልፉን አምጣ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ላስቲኩ ሲቀደድ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። ወንጌላዊት ጨርቁን በፀደይ ክንድ ላይ ጠቀለለች፤ ሁለቴ ፈታ አሰረችው። ነፋች፣ አስተነፈሰች። ቀና አላለችም። ደግማ ነፋች።

«መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አሥራ አራት» አለች።

ያን ቁጥር ማንም ለእንኳየሁ አልተረጎመላትም፤ የወንጌላዊት ፊት በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ። አቶ ህሩይ ራሱ መድኃኒቱን ይዞ መጣ፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። ፀደይን ገልብጠው ዳሌዋ ላይ ወጓት፣ እጇ ላይ ጉሉኮስ ሰኩላት። አንድ ሰዓት ቢዘገይ መንፈራገጥ ትጀምር ነበር ብላ ቃልኪዳን ለአቶ ህሩይ ስትነግረው እንኳየሁ ሰማች። የትነበርሽ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

አምቡላንሱ ሊነሣ ሲል አያ ዳኛው ሕፃኗን በመስኮት ለእንኳየሁ አቀበሏት። ከኋላቸው ቃልኪዳን የቀኙን ጣሳ ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ ባቄላውን እንደገና ታድላለች።

«በይ ማርያም ትከተልሽ» አሉ ሽማግሌው። መስኮቱን ሳይለቁም፣ «እኔ እንግዲህ ግራው ላይ ልጥል ነው። አምቡላንሱን ከወሰዱት ግን በአንቺ ነው» አሉ።

«ይሁን፣ በእኔ።»

ወንጌላዊት ከበሽተኛዋ ጎን ተቀምጣለች፤ አዲሱ መለኪያ ጉልበቷ ላይ ነው። ኮሶዬ መንደር ሳይደርሱ እንኳየሁ ወረቀቱን ከወንጌላዊት እጅ ወሰደችው። ስምንቱ መቶ አሥር በሰባ በአንድ ሰረዝ ተሰርዞ፣ ከሥሩ «አልተለካም» ተብሎ ተጽፏል፣ ፊርማም አለው። እንኳየሁ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥራ አነበበችው።

«በዚህ ያባርሩሻል?»

«አላውቅም እማ።»

እንኳየሁ ወረቀቱን መለሰችላት። አዋላጇ ያሳዘነቻት አሁን ነው፤ ቢሆንም ለማዘን ጊዜ አልነበራትም። ፀደይ ዐይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። መኪናዋ ወደ ጎንደር ቁልቁለቱን ተያይዛዋለች፣ ኩርባው አያልቅም።

«ልኪያት» አለች እንኳየሁ።

«አሁን ለካኋት እኮ።»

«ደግመሽ ልኪያት።»

ወንጌላዊት ነፋች። መቶ ስልሳ ስድስት በመቶ አራት። ጻፈችው። እንኳየሁ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ቁጥሩን ከላይኛው ጋር አስተያየችው። ተለይቷል። መኪናዋ ቀጣዩን ኩርባ ዞረች።

«ልኪያት።»