ወንበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ

በኛ መንገድ ሰው ሚስቱን ቢፈታ ሁለት ሳምንት ይወራበታል። የሰው ወንበር ካነሳ ግን ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል። እዚህ ፒትስበርግ በረዶ ሲጥል፣ መኪናውን በአካፋ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ባጸዳው ቦታ ላይ ከቤቱ ወንበር አምጥቶ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሥራም ይሂድ ገበያ፣ እስኪመለስ ቦታው የሱ ነው። የተጻፈ ሕግ የለውም። ፖሊሱም ቢሆን ምንም አይል፤ እሱም ደጃፉ ላይ የራሱ ወንበር አለው።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ መንገድ ለቅቄ ኖሬ አላውቅም። የትኛው ወንበር የማን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። ቢጫ ፕላስቲክ የለበሰው፣ መቀመጫው የተቀደደው የወጥ ቤት ወንበር የግሌን ፔትራክ ነው።

ግሌን ከፊት ለፊታችን ብቻውን የሚኖር፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሰፈሩን የኢንተርኔት ገጽ የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ደግሞ ተው አላለውም። እዚያ ገጽ ላይ ስለ ሰው አመል ይጽፋል። «አውቶቡስ ውስጥ ስልክሽን በድምፅ ማጉያ ከፍተሽ ስለ እህትሽ ፍቺ የምታወሪው ሴትዮ፣ እኛም እኮ አሁን ወገን ይዘናል» ብሎ ነበር አንዴ። ሌላ ቀን ደግሞ፦ «የገበያ ጋሪህን መኪና ማቆሚያው መሀል ትተህ የሄድከው ሰውዬ፣ ሁለት እግር አለህ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው እስማማለሁ። የሚያስቀኝ፣ ይኸው ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ቀና ብሎ አያይም። አንገቱን ሰበር አድርጎ «ቀዝቃዛ ነው ዛሬ» ብሎ ያልፋል። በሐምሌ ሐሩርም ቢሆን።

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ነው። ጎረቤቴ ኢርማ ዘለንካ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ግራ እግሯ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጥቶባታል። በሳምንት ሦስት ቀን ነርስ ቤቷ ድረስ መጥታ ፋሻውን ትቀይርላታለች። አሁን የምትመጣው ኪያራ የምትባል፣ በረዶ ብዙም ከማይጥልበት ከአሜሪካ ደቡብ የመጣች ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር አልሞላትም፣ የሙከራ ጊዜዋንም አልጨረሰችም። ያን ቀን ትንሿ ግራጫ መኪናዋ መንገዳችንን ሦስቴ ስትዞር በመስኮት አየኋት። መቆሚያ የለም። በየቦታው ወንበር።

በዋዜማው ግሌን መኪናው ላይ ሻንጣ ሲጭን አይቼዋለሁ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ኤሪ ከተማ ወንድሙ ዘንድ ስለሚሄድ፣ ሄዷል አልኩ። ቦቴን አጠለቅኩና ወጣሁ፤ ቢጫውን ወንበር ብድግ አድርጌ እግረኛ መንገዱ ላይ አኖርኩት፤ ከዚያ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ አስገባኋት።

ልጅቷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንበሩስ? የሰው አይደለም?» አለችኝ።

«የወዳጅ ነው። ሰውዬው ከተማ ውስጥ የለም፤ ግቢ።»

እኔ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ነው የምሠራው። ግሌን ለካስ ጥርሱን ሊታይ ሄዶ ኖሯል። ተመልሶ መኪናዋን፣ ታርጋዋን፣ የተነሳውን ወንበር በስልኩ አንስቶ ለጠፈው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆፈርኩ። እሷ መጥታ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ገባችበት። የዛሬ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ጻፈ።

ማታ ራት እየበላን ባለቤቴ ሬይ ስልኩን አሳየኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት። «ጎማዋን ማስተንፈስ ነበር» ያለ አለ። «እናቷ ምን አስተማረቻት?» ያለች አለች፤ ይቺ ሴትዮ የራሷ ልጅ የሰው አጥር ላይ በመኪና ወጥቶ ያውቃል፣ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ደግሞ የመኪናዋ መስታወት ላይ ያለውን የነርሶቹን ድርጅት ምልክት አጉልቶ አይቶ፣ «ለአለቃዋ ደውያለሁ» ብሎ ጽፏል።

«ዝም በይ፤ እስከ ሐሙስ ይረሱታል» አለኝ ሬይ።

«አለቃዋስ ትረሳዋለች?»

ሬይ ድንቹን መብላት ቀጠለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ይኼን መደበቅ አልፈልግም። ሃምሳ ሦስት ዓመት የኖርኩበት መንገድ ነው። ወንበር አንሺ መባል ፈራሁ።

ረቡዕ ጠዋት ኢርማ ደወለችልኝ። «ያቺ ልጅ እያለቀሰች ስልክ አደረገችልኝ። አለቃዋ ዓርብ ልታነጋግራት ነው፤ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ቅሬታ ከመጣበት ያሰናብቱታል አለችኝ።» ትንሽ ተነፈሰችና ቀጠለች። «ስሚ ሮንዳ፣ እስካሁን ከላኩልኝ ሁሉ ይቺን ነው የወደድኳት። ፋሻውን ስትፈታ ፊቷን አታዞርም። ሌሎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የሚያዩት።»

ከዚያ በኋላማ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስልኬን አነሳሁና ገጹ ላይ ጻፍኩ፦ «ልጅቷ አልነካችም። ወንበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሮንዳ።» ጠበቅኩ። ከሥሬ የመጣው ሰው «ትባረር!» ብሎ አለፈ። ቀጥሎ የመጣው ስለ ከተማው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ማማረር ጀመረ። አንዲት ሴት ብቻ መለሰችልኝ፦ «ለጥፋተኛ ብሎ መዋሸትም ነውር ነው፣ የኔ እመቤት።» በሕይወቴ አንዴ እውነቴን ባደባባይ ብናገር ውሸታም ተባልኩ።

ኮቴን ደርቤ መንገዱን ተሻገርኩና የግሌንን በር አንኳኳሁ። ወለል አድርጎ አልከፈተውም፤ በስንጥቁ አየኝ።

«ቀዝቃዛ ነው ዛሬ» አለ።

«ነው። ግሌን፣ ወንበርህን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አንብቤዋለሁ። ደግ ልትሆኚላት ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

«ደግ? እኔ? ስንት ዓመት ነው የምታውቀኝ?»

አሰበበት። በሩንም ከፈተው። «ምን አድርጌሽ ነው ያነሳሽው?»

«ኤሪ ሄደሃል ብዬ ነዋ። ሻንጣ ስትጭን አየሁህ።»

«የልብስ ማጠቢያዬ ተበላሽቶ ነው! ልብሴን ውጭ ወስጄ ላጥብ! ደግሞስ ኤሪ ብሄድ? ወንበር ወንበር ነው!»

«ከተማ ለቆ የሄደ ሰው ወንበር አይቆጠርም።»

«ይቆጠራል!»

«አይቆጠርም። አባትህ ራሱ የሟች ኮቫልን ወንበር አንስቶ የለ እንዴ?»

«ሰውዬው ሞቶ ነዋ!»

«እኮ፣ የለም ማለት ነው።»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ወጥ ቤቱ ገባን። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ተከፍቶ ይብለጨለጫል፤ አስተያየቱ ሁለት መቶ አርባ አልፏል።

«አጥፋው ግሌን። ልጅቷ ዓርብ ሥራዋን ልታጣ ነው። የኢርማ እግርም እሷ እጅ ላይ ነው።»

ስልኩን አየ። «ትናንት» አለ በቀስታ፣ «ከማላውቃቸው ሰዎች ስንቱ ‹አይዞህ ግሌን› አለኝ መሰለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያመላለስኩላቸው ሰዎች ስሜን እንኳ አያውቁትም ነበር።»

አሁን ካለሁበት ቤት ገብቼ ከሱ ፊት ለፊት ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር፣ ስንቴ ቡና ጠጣ ብዬዋለሁ? ሁለቴ። አንዱ ለቀብር ነው።

«ደግሞ ባጠፋውም ምን ይጠቅማል? አለቃዋ አይታዋለች» አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ጠረጴዛውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። «እንግዲያው እኔን ለጥፈኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ታሪኩን አላመኑኝም። ፎቶ ያምናሉ።»

ወጣን። እሱ ባጸዳው ቦታ ላይ ቆሜ ቢጫውን ወንበር ደረቴ ድረስ ብድግ አድርጌ ያዝኩ። ግሌን ስልኩን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን አለ። ሠርግ የሚያነሳ ይመስል ነበር።

«ትንሽ ወደ ግራ። ፈገግ አትበይ፤ ጥፋተኛ ነሽ።»

«ክንዴ ደከመ እኮ!»

«ስታነሺው አልደከመሽም።»

እዚያው ቆሞ ጻፈና አስነበበኝ፦ «ተሳስቻለሁ። ነርሷ ወንበሩን አልነካችም፤ ነርሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያነሳችው ሮንዳ ናት፣ ቤት ቁጥር አርባ አንድ።»

«የቤቴን ቁጥር ለምን ከተትከው?»

«የሷን ታርጋ አውጥቼ ያንቺን ቁጥር ብደብቅ ምን ይባላል?»

ከዚያ ያለ እኔ ጉትጎታ፣ ያንኑ ለልጅቷ አለቃ ላከ። ስልክም ደወለላት። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ግን አወራ፤ ጆሮው እስኪቀላ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ለጠፍኩት» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለኔ ተዉት። አስተያየቱ ሦስት መቶ ሃያ ደረሰ። «የመንገዳችን ከሃዲ» ተባልኩ። ኦሃዮ ያለች የአክስቴ ልጅ ሳትቀር ደውላ፣ «ወንበር አነሳሽ አሉ?» አለችኝ። ሥጋ ቤት ስገባ ሻጩ ጥግ ያለችውን በርጩማ በእግሩ ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት፤ «ማየት ይቻላል፣ መንካት ግን አይቻልም፣ ሮንዳ» አለኝ። ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን አዞረችብኝ። እስከ ዛሬም እንዳዞረች ናት።

ዓርብ ከሰዓት ኪያራ መጣች። አለቃዋ አነጋግራት፣ ፎቶውን ሁለቴ አይታ፣ ሥራሽ ላይ ነሽ ብላታለች። መኪናዋን ኮረብታው ሥር አቁማ፣ ወደ መንገዳችን የሚያወጡትን ዘጠና ሁለቱን የሕዝብ ደረጃዎች ቦርሳዋን አንግታ ወጥታ ነው ኢርማ ቤት የደረሰችው። በሩ ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ግሌን ከዛሬ ጀምሮ ቦታዬ ላይ ትቁም ብሏል» አልኳት።

«አመስግኑልኝ። ግን ወንበር የቆመበት ቦታ ሁለተኛ አልጠጋም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እርስዎም እባክዎን፣ ሌላ ጊዜ አይርዱኝ።»

ተናዳ አልነበረም። እንደዚያው ብላ ገባች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ኢርማ ዓይኗን ጨፍና ስለ ሾርባ ታወራላታለች።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ የነበረው በረዶ ተጠርጎ፣ ጨው ተነስንሶበት አገኘነው። ከቀትር በፊት ገጹ ላይ የደረጃው ፎቶ ወጣ። «እግረኛም ሰው ነው። ይኼን ማን እንደሠራው አልናገርም፤ አካፋው ግን የኔ ነው» ይላል።

እስከ ማታ አራት አስተያየት አገኘ። አንዱ የኔ ነው፦ «ከታች ሁለት ደረጃ ቀርቶሃል» አልኩት።