ወደ ፍል ውኃው ያወረድኳት እህቴ

ታላቅ እህቴ ወሰንየለሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ምርኩዝ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ጉልበቷ ነው። ክኒኑም መርፌውም ካቃተው በኋላ ከሞላሌ ማዶ ገደሉ ሥር ያለው ፍል ውኃ ይሞከር ተባለ። እኔ እወስዳታለሁ አልኩ። ፍል ውኃ ለመገጣጠሚያ ደግ እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ ከሥሩ ትኩስ ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለም ጭምር።

መንገዱን የሚያውቁት ጋሽ አፈወርቅ እሷን በበቅሎ፣ እኔን በእግር ይዘውን ወረዱ። ቁልቁለቱ ሲጠብ በቅሎዋን አሰሩና ወደ እኛ ዞሩ።

«ከዚህ በታች በዓለም ስማችሁ ብቻ ተጠራሩ። የክርስትና ስም አይወጣም።»

«ለምን?»

«ገደሉ ይይዘዋል።»

«ገደሉ ደብተር አለው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከእግርሽ ይቀድማል።»

እህቴ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ውኃው ከዓለት ሥር እየተንተከተከ ይወጣል። ጋሽ አፈወርቅ ጀርባቸውን ሰጥተውን ራቅ ብለው ተቀመጡ። እህቴን ደግፌ እስከ ወገቧ አስገባኋትና የምትደርበውን የሱፍ ባና ከድንጋዩ ላይ ላነሳ ዞር አልኩ። ከሸለቆው ጉም ተነሥቶ ከእንፋሎቱ ጋር ተደባለቀ። እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ።

«እትዬ!» ዝም። «ወሰንየለሽ!» ዝም። ገብቼ ውኃውን ዳበስኩ፤ የለችም። ያን ጊዜ ያነበብኩት ሁሉ ጠፋኝና «ወለተ ሐና!» ብዬ ጮህኩ።

«አቤት» አለች ከአጠገቤ። ምርኩዟን ከዳር ትታ፣ ቀጥ ብላ እየተራመደች ከጉሙ ወጣች።

«በየትኛው ስም ጠራሻት?» አሉ ጋሽ አፈወርቅ።

«በሚሰማት።»

በቅሎዋን ፈትተው ፊት ፊት ወጡ፤ አንዴም ዘወር ብለው አላዩንም።

አቀበቱን ካጋመስን በኋላ ከታች ድምፅ ተጣራ። «ወለተ ሐና!»

የገደል ማሚቶ አልኩ። የገደል ማሚቶ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አይቆይም። ድምፁ የእኔ ነው፤ ስጮህ የተሰነጠቀው ሳይቀር። እህቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት በመዳፌ ከደንኩት።

«ምነው? እህቴ እኮ ናት የምትጠራኝ» አለች ስለቃት።

«እኔ አጠገብሽ ነኝ፣ እትዬ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እሷማ ታች ቀርታለች» አለች።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። እህቴ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ገብስ ታጭዳለች። ጎረቤቱ «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ጉም በወጣ ቀን ግን በሩን ቆልፌ ቁልፉን መቀነቴ ላይ እቋጥራለሁ።

ትናንት በሩ ሥር ቆማ እንደ ባዳ ለመነችኝ። «ክፈቺልኝ የኔ እናት። እህቴን ላምጣት። ብቻዋን ናት፣ በርዷታል።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ነካሁት። ጠንካራ ነው። ገደሉን ለመውረድ ይበቃል።