የልብስ ሰፊው ቋጠሮ

ልብስ ሰፊው ክሩን ሁለቴ አዙሮ ሳብ ሲያደርገው ሳያስበው ጮኸ።

"ምን ሆንክ?" አለች ባለቤቱ ከሱቁ በኩል፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

"መርፌ ወጋኝ!"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልወጋህ መርፌ ዛሬ ምን አስቀየምከው?"

እሱ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወድቆ፣ አንድ እግሩን ባልዲ ላይ ሰቅሎ፣ የሚስቱን የእጅ መስታወት ከበታቹ ይዞ አጎንብሷል። በፊንጢጣው ዳር ሽምብራ የምታህል ልስልስ ሥጋ በቅላለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲታጠብ እጁ ነካት። አታመውም፣ አትደማም፣ ግን እንቅልፍ ነስታዋለች። አጎቱን የገደለው ክፉ በሽታ የጀመረው በእንዲህ ያለች እብጠት ነበር። እኔ ስሞት ጨርቅ መቁረጡን ማን ያሳያታል እያለ ሚስቱን ሰበብ እየፈለገ መቁረጥ ያስተምራት ጀመር። እሷ ደግሞ ሰውዬው በእርጅናው ሰነፈ ብላ ታማዋለች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሐኪም ፊት ሱሪ ከማውለቅ በሙያዬ ብገላገላት ይሻላል አለ። ከልብስ የተረፈ ነገር ሁሉ ይቆረጣል፤ መቀሱ ካስፈራ ደግሞ ክር አለ። ደም ካላገኘች ደርቃ ትወድቃለች ብሎ የኮት ቁልፍ ክር በሰም አሽቶ ጥርቅም አድርጎ አሰራት።

ሕመሙ ሲበረታ ሊፈታው ሞከረ። እንዴት ተደርጎ! እኔ የቋጠርኩት ቁልፍ ጨርቁ ካልተቀደደ አይነቀልም እያለ ለደንበኞቹ ሲፎክር ኖሯል፤ ዛሬ ፉከራው በራሱ ላይ ደረሰ። በመስታወት ግራና ቀኙ ተምታቶበት መቀስ ማስጠጋቱንም ፈራ።

"ቁልፍ ልገዛ ነው" ብሏት እግሩን አንፈራጦ ወጣ።

ክሊኒኩ ውስጥ የጠበቀችው ሐኪም ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ምንዎን ነው የሚያምዎት ጋሼ?"

"ወገቤን።"

"ወገብዎን?"

"ከወገቤ… ዝቅ ብሎ።"

"ምን ያህል ዝቅ ብሎ?"

"እስኪያልቅ ድረስ።"

ሐኪሟ ከንፈሯን ነክሳ በጎኑ አስተኛችው። ጓንቷን አጥልቃ መብራቱን አስጠጋችና አተኩራ ተመለከተች። 

"ክፉ ነገር ነው አይደል? አትደብቂኝ።"

"ጋሼ፣ ይሄ ክር ነው?"

"የኮት ቁልፍ ክር ነው። በሰም የታሸ።"

"ማን አሰረው?"

"እኔ።"

"ቋጠሮው ግን ግሩም ነው" አለች። እዚያም ተኝቶ ኩራት ቢጤ ተሰማው።

ክሩን በቀጭን መቀስ ቆርጣ አወጣችለት። ቦታውን አጸዳች፣ በጣቷ መረመረች፣ ደም አይቶ እንደሆነ፣ ሆድ ድርቀት ይዞት እንደሆነ ጠየቀችው። አምና ኪንታሮት አሠቃይቶት እንደነበር፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እንደሚሰፋ ነገራት።

"እንግዲህ ምንጩ እሱ ነው። ይሄ ትርፍ ቆዳ እንጂ ካንሰር አይደለም። ያኔ ያበጠው ነገር ቆዳውን ለጠጠው፤ እብጠቱ ሲጠፋ ቆዳው ሰፍቶ ቀረ።"

"እንደ ከሳ ሰው ሱሪ!"

"ልክ እንደሱ" ብላ ሳቀች።

"ታዲያ አይጠብም?"

"በራሱ አይጠብም። ለመታጠብ ካስቸገረዎት ቦታውን አደንዝዘን እዚሁ እንቆርጠዋለን። ካላስቸገረዎት ይተዉት። ቤት ውስጥ ግን ክርም መቀስም የለም፤ ይደማል፣ ያመረቅዛል። ውኃና አትክልት ያብዙ፣ አያምጡ፣ መጸዳጃ ቤት ብዙ አይቀመጡ። በንጹሕ ውኃ ታጥበው ሳያሹ ያድርቁ። ደም ካዩ፣ ወይም ካደገ፣ ቶሎ ይመለሱ። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ አንዴ ማሳየት አለበት፤ በመስታወት አይለይም።"

ነፍሱ መለስ አለች። በመንገዱ የማያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ሰላም እያለ ተመለሰ።

ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ የኮት ኮሌታ ስትቆርጥ ደረሰ። "ቁልፉስ?" አለችው።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ውሸት ነበረው፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሰለቸው። "ቁልፍ አልገዛሁም። ቁጭ በይና ልንገርሽ። እኔ እንኳ ዛሬ ቆሜ ነው የምነግርሽ።"

ከመስታወቱ እስከ ክሩ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባው ሌላ ሆነና በሜትሩ ትከሻውን መታችው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻህን ስትሞት ሰነበትክ?"

"ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም።"

ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። "እኔም እኮ አለችኝ።"

"ምን?"

"እሷው ናታ። ሁለተኛዋን ልጃችንን ከወለድኩ ወዲህ። አሥራ አንድ ዓመቷ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቀስ ይዘህ እንዳትመጣብኝ!"

አብረው ሳቁ። ሳቁ ግን እሱ ላይ ቶሎ ቆመ።

"ለሐኪም አሳይተሻል?"

"አታመኝ፣ አትደማ፣ ምን ብዬ?"

"እኔንም አላመመችኝም፤ ያመመኝ ክሩ ነው። አንዴ መታየት አለበት ብላለች።"

"አሁን እኔ እዚያ ሄጄ ሱሪ ላወልቅ?"

"ያንቺ ቀሚስ ነው፤ ይቀላል።"

"ደግሞስ መቼ? ሐሙስ የምናስረክበው የሙሽራ ኮት አለብን፤ በሥራ ቀን ዘግተህ ታውቃለህ?"

አያውቅም። ለራሱ ትኩሳት እንኳ ዘግቶ አያውቅም። ስልኩን አነሳና ለሙሽራው ደወለ።

"ወንድሜ፣ ሠርግህ እሑድ ነው፤ ኮትህ ዓርብ ይደርሳል" አለው። "ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴን ሐኪም ቤት ይዤያት እሄዳለሁ።"