የሙከራ ፎቶ

ሌንሱ ጉርርር እያለ እስከ ግማሽ ወጣና ቀጥ አለ። ቀጮ በመዳፏ መታ መታ ብታደርገው አንዴ አቃሰተና ጭልም አለባት።

"ይሄም የለም፣ እማማ" አለች። ባትሪውን አውጥታ ለሚቀጥለው ካሜራ አጎረሰችው።

እማማ ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ ተተክሏል። ካሜራዎቹ ገና ላስቲካቸው ያልተላጠ አዳዲስ ናቸው፤ ግን በየሆዳቸው ቀይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የአንዱ ሌንስ አልወጣ ብሏል፣ የሌላው ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቷል፣ የዚያኛው ክዳን አልገጥም ብሏል። ከሰዓት መኪና መጥቶ ወደ መጨፍለቂያው ይወስዳቸዋል።

ልጃቸው እስክትሞት ድረስ እዚሁ የካሜራ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ከቀጮ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትሠራ ነበር። እዚህ የሚሞከር ካሜራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ማዶ የተቀመጠውን ሰው ነው። ቀጮ እሷን፣ እሷ ቀጮን ታነሳለች፤ ከዚያ ፎቶው ይጠፋና ካሜራው ይታሸጋል። ታዲያ እቤት ስትገባ ስልክ ሲደገንባት ትራስ ፊቷ ላይ ትጭን ነበር። "ስነሳ ውዬ አሁንም? እማዬ፣ ፊቴ አለቀ እኮ!" እያለች ትስቃለች። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ሲገለበጥ ስልኳም አብሯት ቀረ። እማማ እጅ የቀረችው የድሮ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ፎቶ ብቻ ናት፤ ያኔ ገና ኮረዳ ነበረች፣ ፊቷንም ቋጥራለች። ትናንት የልጅ ልጃቸው ሚጣ ያቺን ፎቶ አገላብጣ አየችና "አያቴ፣ ይቺ ማናት?" አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥ አላቸው። ይቺ ሕፃን እናቷን ከረሳች ምን ይዛ ታድጋለች? እሳቸውስ ነገ ድፍት ቢሉ ማን ይነግራታል? ሲብሰለሰሉ፣ ቀጮ ለልቅሶ መጥታ ያወራችው ትዝ አላቸው። ብልሽት የተገኘበት ካሜራ ሙከራ ፎቶው እንኳ ሳይጠፋ ነው ካርቶን ውስጥ የሚጣለው። ጠዋት ሚጣን ትምህርት ቤት አድርሰው በቀጥታ ወደዚህ መጡ።

የቀጮ አለቃ የሆነው ተቆጣጣሪ ክፉ ሰው አልነበረም። በር ላይ ሲለምኑት የሟቿን ባዶ ወንበር ዞር ብሎ አየና አስገባቸው። ግን እቅጩን ነገራቸው፤ ማየት ይቻላል፣ ካሜራ ማውጣት አይቻልም። ሰሞኑን የተጣለ ካሜራ ገበያ ላይ ተገኝቶ ከሥራ የተባረሩ አሉ። ስልክ ደግሞ የማንም ቢሆን ጥበቃው ጋ ይቀራል።

ቀጮ አንዱን ከፈተች፤ ጣሪያ። ሌላውን፤ የገዛ አውራ ጣቷ። ሌላውን፤ ጨለማ። ካርቶኑ እየጎደለ ሲሄድ የእማማ ትከሻም አብሮ ወረደ።

ቀጥሎ የከፈተችውን ካሜራ ግን ቀስ አድርጋ ወደ እሳቸው አዞረችው።

ልጃቸው ናት። ነጩን የሥራ ቆብ አድርጋ በሳቅ አፏ ተከፍቷል፤ የተሸረፈች ጥርሷ እንኳ ትታያለች።

"ምን ብለሻት ነው እንዲህ የምትስቀው?"

"የአለቃችንን አካሄድ እያሳየኋት ነበር" አለች ቀጮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ተቆጣጣሪው ሰምቷል። አልተቆጣም። ገመድ አምጥቶ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ እንድታወጣላቸው ራሱ አዘዛት። ቀጮ ብትሰካው ገመዱ ተንሸራቶ ወደቀ። በጣቷ ደግፋ ያዘችው፤ ምንም የለም። ቀዩን ወረቀት አነበበችና ፊቷ ጠቆረ።

"መሰኪያው ነው የተበላሸው። የተጣለውም ለዚሁ ነው። የሚወጣ ካርድም የለው።"

"አይጠገንም?" አሉ እማማ።

"አንዴ የተጣለ አይፈታም፣ እናቴ" አለ ተቆጣጣሪው። ደህናዎቹ ካሜራዎች ሁሉ ታሽገው ስለወጡ ስልኩን ከጥበቃው አምጥቶ ፎቶውን ሊያነሳላቸው አሰበ መሰል ወደ በሩ ተራመደ፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን መቆጣጠሪያ ካሜራ ቀና ብሎ አየና ቆመ። ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ወጣ።

ቀጮ ተጠጋቻቸው። "ደረቴ ውስጥ ከትቼ አወጣዋለሁ።"

"ሲፈትሹሽስ?"

"ምን ያመጣሉ?" አለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው።

መንትዮቿን ያለ አባት የምታሳድግ ሴት ናት። እማማ ካሜራውን ከእጇ ወሰዱ። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ስር ገባ፣ እዚያም ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ወጣ። እሳቸው ቢያዙ መጀመሪያ የምትጠየቀው ማን ሆና?

"የማጥፊያው ቁልፍ የቱ ነው?"

"እ? ኧረ እማማ፣ ተዉ!"

"እንደ ሌሎቹ ይጥፋ። ማሽን ፊቷን አይጨፍልቅብኝ። አንዴ ይበቃታል።"

ቀጮ እያለቀሰች ጣታቸውን ወስዳ ቁልፉ ላይ አስቀመጠችላቸው። እማማ ግን ወዲያው አልተጫኑም። የተሸረፈችውን ጥርስ፣ ከቆቡ ስር ያመለጠውን ጸጉር፣ ግራ ጉንጯ ላይ ያለውን ስርጉድ፣ ማታ ለሚጣ የሚነግሯትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ አዩ።

ከዚያ ተጫኑ።