በሸሚዝ ቁልፍ የወጣ ዕጣ

ምርጫ የሚባል ነገር ሲነሳ ራሷን ያማታል። በልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ውስጥ ሥራዋ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ መትከል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አምሯት አያውቅም። ባለፈው ጊዜ ለሊቀመንበርነት የተወዳደሩት ግን ባሏና ታላቅ ወንድሟ ነበሩ። ባሏ በሁለት ድምፅ አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። የስፌት አዳራሹም ለሁለት ተከፈለ፤ የዚህኛው ወገን ክር ቢያልቅበት ከወዲያኛው አይለምንም። ወንድሟ ቤቷን ከረገጠ ሁለት ዓመት አለፈው። ባሏ "ወንድምሽ ምን አለ?" ሲላት፣ ወንድሟ "ባልሽ ምን አለ?" ሲላት አንጀቷ አሯል።

ዘንድሮ ምርጫው ሲደርስ ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጭ ተነሡ።

"እኔ በበኩሌ ታክቶኛል። ዕጣ እናውጣ። የደረሰው ዓመቱን ይምራንና ወደ ማሽኑ ይመለስ። ማንም አሸነፍኩ ብሎ አይጎርርብንም።"

ወረቀት ምልክት ይደረግበታል ተብሎ ስለተጠረጠረ፣ በቁልፍ ይሁን ተባለ። ሠላሳ ባለ አራት ቀዳዳ የሸሚዝ ቁልፍና አንድ ባለ ሁለት ቀዳዳ ከረጢት ውስጥ ገቡ፤ ባለ ሁለት ቀዳዳው የደረሰው ይመራል። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲዳብሱ የኖሩ ሰዎች ይህንን ሲወስኑ "ቆይ እንጂ!" ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ጉድ እኮ ነው!

ተራዋ ደርሶ እጇን ስትከት የቀሩት ሦስት ቁልፎች ነበሩ። ጣቷ ወዲያው ለየው። ክው አለች። ከፊቷ ያወጡት ሁሉ እጃቸው ከረጢቱ ውስጥ ለምን እንደዘገየ አሁን ገባት። ሁሉም ነክተውታል፣ ሁሉም ትተውታል። ማን ምን ቆርጦት በሁለቱ መካከል ይገባል! ከእሷ በኋላ የቀሩት ባሏና ወንድሟ ብቻ ናቸው። ብትተወው ባሏ ዳብሶ ያወጣዋል፣ ወንድሟ "አጭበረበረ" ይላል፣ ያው ጣጣ እንደገና ይጀመራል። ያን መልሳ የምትችልበት አቅም አልነበራትም።

"ደረሰኝ" አለች።

አዳራሹ እፎይ ብሎ አጨበጨበ። ባሏ ግን ቁልፉን ከእጇ ወስዶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ዐውቃ ነው ያወጣችው!"

"ድሮስ!" አለ ወንድሟ፣ ወደ እሱ ዞሮ። "ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ድምፅዋን አጥፍታ ነው የምትሠራው።"

"ቤትም እኮ እንዲሁ ናት። ስንቱን ችዬ መሰለህ!"

"ለእኔ ነው የምትነግረኝ? አብሬያት ያደግሁት እኮ እኔ ነኝ!"

ልትመልስላቸው አፏን ከፍታ ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ እየተቀባበሉ ሲያሟት ስታይ ግን ተወችው። በሕይወቷ አጭበርባሪ ተብላ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ማሽኗ ላይ ተደግፋ ቁጭ አለች።

ቆራጩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። "ዝም በሉ እንጂ! ሊቀመንበሯ ትናገር።"

"ይተዉአቸው ጋሼ" አለች፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። "ሐሜታቸውን ይጨርሱ።"