ለእንግዳ የማይወጣው ጨርቅ

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ «አይመሳሰልም» ሲል ኒሎፈር ጨርቁን ከካሜራው ሥር ስባ አወጣችው። ጨርቁ የተነከረውም የታጠበውም እሷ ባጣራችው ውሃ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቡጅ ከተማ ዳርቻ ባለው በአባቷ የማቅለሚያ ግቢ ስትለፋ ቆይታለች። ቀይ ጨርቅ የታጠበበትን ውሃ በኖራ ታዘቅጠዋለች፣ በአሸዋና በከሰል ታሳልፈዋለች፣ መልሳ ወደ ጋኑ ትጨምረዋለች። የመንደሩ ጉድጓድ በየዓመቱ እየራቀ ነው፤ አምና አራት ቤተሰቦች ጋናቸውን ደፍተው ተሰደዋል። የከተማው ዩኒቨርሲቲ እሷ የነደፈችውን ማጣሪያ ለመላው መንደር የሚሠራው ቀለሙን ካላበላሸ ብቻ ነው። ፈራጁ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽርበት፣ ከየቤቱ የተሰበሰቡ የአራት ሺህ ጨርቆች ፎቶ የያዘው የምስል ቋት ነበር።

«ቀዩ ከልክ በላይ ደምቋል ይላል» አሉ ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ዶክተር ሜግና መነጽራቸውን እያወለቁ። «እኔም አዝኛለሁ። ግን ሪፖርቱን ዛሬ መላክ አለብኝ።»

አጎቷ ያኩብ ከበሩ ሥር ሳቀ። «እጣቢ መልሰሽ ስትነክሪበት ምን ጠብቀሽ ኖሯል? ሻይም አፍይበት እንጂ!»

«ለአንተ አፈላልሃለሁ፣ አጎቴ። ምናልባት አፍህን ያጥብልህ ይሆናል።»

አባቷ ላቲፍ ግን አልሳቀም። «ቀይ የውሃ ምስክር ነው፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀይ አይዋሽም።»

ኒሎፈር ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ለማነጻጸሪያ ባወጣው ፎቶ ላይ ቀርቷል። የጨርቁ ጠርዝ በአረንጓዴ ክር ተዘምዝሟል። ያንን ክር ታውቀዋለች።

«አባ፣ ይሄ የእማ የሠርግ ነጠላ አይደለም?»

«ነው እንጂ!» የላቲፍ ፊት በራ። «ፎቶ አንሺዎቹ የመጡ ዕለት ሣጥን ከፍቼ ያወጣሁት ነው። ለእንግዳ ትናንት ከጋን የወጣ ጨርቅ ይሰጣል እንዴ?»

«ሌሎቹስ ቤቶች?»

«ሰው የሆነ ሁሉ የክት ጨርቁን ነው ያወጣው!»

ኒሎፈር ከወንበሯ ተነሣች። ሠላሳ ዓመት በየበዓሉ እየተለበሰ ታጥቦ፣ ፀሐይ መትቶት የደበዘዘ ቀይ! ኮምፒውተሩ አዲስ ቀይ አይቶ አያውቅም። ሮጣ ወደ ግቢው ወጣችና ያኩብ በጉድጓድ ውሃ ሠርቶ ገመድ ላይ ያሰጣውን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ከካሜራው ሥር ዘረጋችው።

«አይመሳሰልም» አለ ኮምፒውተሩ።

«ምን?» ያኩብ ከበሩ ተስፈንጥሮ መጣ። «የእኔን እጅ ነው? ይሄ ቆርቆሮ!»

ዶክተር ሜግና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አሁን ሁለቱን እርስ በርስ አነጻጽሪያቸው» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል።

ከመቶ ዘጠና ስምንት።

ላቲፍ አላመነም። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳያይ ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ ሁለቱን አጣጥፈው ሰጡት። በጣቶቹ አሸ፣ አሸተተ፣ ጫፋቸውን በምላሱ ቀመሰ። አንዱን ከፍ አደረገ።

«የጉድጓዱ ውሃ ይሄኛው ነው» አለ በመጨረሻ።

ኒሎፈር እጥፋቱ ውስጥ የሰፋችውን ምልክት ገለጠችለት። ጨርቁ የእሷ ነበር።

ያኩብ ጉልበቱን እየመታ ጮኸ። «አርባ ዓመት ቀለም የላሰ ምላስ በእጣቢ ተሸነፈ!» ኒሎፈር ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለባት። ላቲፍ ጨርቁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ «ምስክሩ መሰከረላት» አለ።

«ሪፖርቱ ዛሬ ይሄዳል። አልፋለች ብዬ ነው የምልከው» አሉ ዶክተር ሜግና። «የምስል ቋቱን ግን እንደገና መሰብሰብ አለብን። አዲሱንም፣ ያረጀውንም... የተበላሸውንም።»

ላቲፍና ያኩብ ተያዩ። የተበላሸ ጨርቅ በዚህ መንደር ለእንግዳ ቀርቶ ለጎረቤት አይታይም።

ላቲፍ ወደ ውስጥ ገባ። ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ሲመለስ ኒሎፈር አይታው የማታውቀውን ጨርቅ ይዞ ነበር፤ በእንጨት ማኅተም የታተሙት አበቦች አንዱ በሌላው ላይ ወጥተዋል፣ መሐሉ ላይ እጅ የሚያህል እድፍ አለ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ያተመው የመጀመሪያ ጨርቁ ነበር።

«ላቲፍ! ይሄንን ለእንግዳ?» አለ ያኩብ ደንግጦ።

ላቲፍ ከካሜራው ሥር ዘረጋው፤ ጭምድዱን ቀለም ሰማያዊ ባደረገው መዳፉ አስተካከለ።

«ፎቶ አንሺው፣ ልጄ» አለ። «ስሜንም ጻፊበት።»