የማይነቃነቀው ዘጠና ስድስት

በሆስፒታል ሕመምተኞች ጣት ላይ ከሚደረጉት የኦክስጅን መለኪያዎች በኔትወርክ የሚመጣውን ቁጥር ማንበብ ቀድሞ አርባ ሦስት መስመር ኮድ ይጠይቅ ነበር፤ ግንኙነት መክፈት፣ መጠበቅ፣ ተቆራርጦ የመጣውን መገጣጠም፣ ሲቋረጥ እንደገና መሞከር። እኔ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ሸፈንኩት፦ «አንብብ»። የአልጋውን ቁጥር ይሰጧታል፣ መልሱን ትሰጣለች። ባልደረቦቼ «ባለ አንድ መስመሯ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትእዛዟ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ታላቅ እህቴ ደወለች። ነርስ ናት፤ ባለ ስድስት አልጋ ክፍሏ ውስጥ ያለው ስክሪን የሚሠራው በእኔ ትእዛዝ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ የአልጋ አራት ኦክስጅን ዘጠና ስድስት ይላል።»

«ደህና ናቸዋ! ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«አርባ ደቂቃ ሙሉ ዘጠና ስድስት! ሰው ሲያስል ይወርዳል፣ ሲገላበጥ ይወጣል። እንዲህ የሚረጋ ድንጋይ ነው። በእጅ መለኪያው ለካኋቸው።»

«ስንት ሆነ?»

«ሰባ ዘጠኝ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ኦክስጅን ሰጥተናቸው ሐኪሙ እያያቸው ነው።»

ኮዱን ከፈትኩት። ግንኙነት ሲቋረጥ «አንብብ» ተጠቃሚውን በስህተት መልእክት እንዳታስጨንቅ ብዬ፣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዛ እሱኑ እንድትደጋግም አድርጌያት ነበር።

ለእኛ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ ነገርኩት። «አስተካክዪው፤ ብቻ ባለ አንድ መስመርነቷ እንዳይበላሽ» አለ።

«ይበላሽ» አልኩት።

ከቁጥሩ ጋር የተለካበትን ሰዓት እንድትመልስ፣ ልኬቱ አሥር ሰከንድ ካለፈው ደግሞ በቁጥር ፋንታ «አላውቅም» እንድትል አደረግኳት።

አመሻሽ ላይ እህቴ መልሳ ደወለች። የአልጋ አራቱ ሕመምተኛ ዘጠና አንድ ደርሰዋል፤ ውሃ ጠይቀዋል። ማስተካከሌን ነገርኳት።

«ባለፈው ሐሙስ» አለች፣ «አልጋ ሁለት ላይ የነበሩት እናት አረፉ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ስክሪኑን አይቼ፣ ደህና ናቸው ብዬ ነው ያለፍኳቸው። ያኔም ተቋርጦ ነበር እንዴ?»

የትእዛዟን የሐሙስ መዝገብ ከፈትኩ። በየሰከንዱ አንድ ቃል ብቻ ሰፍሯል፦ ተመለሰ፣ ተመለሰ፣ ተመለሰ። የተመለሰው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተለካ አይልም። መዝገቡንም ያሳጠርኩት እኔው ነኝ።

«አለሽ?» አለች እህቴ።

እስከ ታች ድረስ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ እንደገና ጀመርኩ።

«እትዬ» አልኳት፣ «አላውቅም።»